አልጋ ወራሽ

ጌንት ከተማ ውስጥ፣ ከሌይ ወንዝ ማዶ፣
ቀይ ጡብ ሕንጻ አለ ከዝናም ተላምዶ።
በበሩ ግንባር ላይ ድንጋዩ ሲነበብ
«ለድሃ ሕፃናት» ይላል፤ ቀሪውን የርግብ
ኩስ በልቶት አልቋል። ከሥሩ ግን አለ
አዲስ የደወል ሰሌዳ፣ ሃያ ስም ያዘለ።

ካንዱ ስም ሥር እኔ ነኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ
በባንክ ብድር ገዛሁ አንድ ክፍል ከነሰማይ።
ደላላው ሲያስጎበኝ «አየሩን እይ!» ይለኛል፤
አየሩ ለሳንባ እንደነበር ማን ያውቃል።

ድሮ በዚህ ሰፈር ጥጥ ይፈተል ነበር፤
ከክር የተረፈው ብናኝ አየር ላይ ሲበር
ልጅ ይተነፍሰዋል። እናት ትፈትላለች፣
ልጅ ይስላል፤ ሌሊቱን ሳሉን ትቆጥራለች።
ባሏ፣ የፋብሪካው ጌታ፣ የሞተባት
ወይዘሮ ኦክታቪ፣ ኅሊና ኮርኩሯት
(ወይ ንስሐ አባቷ፣ ወይ ወሬ፣ ማን ያውቃት?)
ይህን ቤት አሠራች፣ ሠላሳ አልጋ ያለው፤
በያንዳንዱ ራስጌ ናስ ላይ የተጻፈው
ስም ግን የለጋሽ ነው። የተኛው ቁጥር ነው።

ጥየቃ እሑድ ብቻ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ።
«በሌላ ቀን ወላጅ በሩን አያንኳኳኝ»
ይል ነበር ደንቡ። እናቶች ከፈረቃ
ሲወጡ፣ በሌሊት፣ መንገድ ላይ፣ ጨረቃ
ባለበት፣ ዝናም ባለበት፣ አንጋጠው
ይቆማሉ፤ ቀና ብሎ ማየት ነጻ ነው።
ሲስተር ሉትጋርድ ደንብ አፍርሳ አታውቅም፤
ስለ መጋረጃ ግን ደንቡ አይናገርም።
ልጅ ካለ በሕይወት ትገልጣለች ስንዝር፤
ከሌለ፣ ጨርቁ ነው እንደ ግንብ የሚያድር።

አልጋው አይቀዘቅዝም። አንሶላ ይቀየራል፤
አንዱ ከወረደ ሌላው ይወርሰዋል።
እኔ በማውቀው ቋንቋ አልጋ ወራሽ ማለት
ዘውድ ጠባቂ ነው፣ ነጋሪት የሚመታለት፤
እዚህ ግን ወራሹ የአራት ዓመት ልጅ ናት፣
ግዛቷም አንሶላ፣ አጃቢዋም ትኩሳት።

ኋላ መርፌው መጣ፤ ፋብሪካውም ቆመ፤
ቤቱ ባዶ ቀርቶ ሃያ ዓመት አዘመመ።
መዝገብ ቤት ተባለ፤ የቲያትር መጋዘን
ሆነ፤ በመጨረሻ መጣን እኛ ገዝተን።
ሬሳ ማቆያው ዛሬ ብስክሌት ያድርበታል።
(እዚያ የገባ ሁሉ፣ ሳያውቅ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ፣ ልክ ስምንት ሰዓት፣
ሃያውም ደወል ጮኸ። አንዲት አሮጊት ናት፤
አንዱን ሳትመርጥ ሁሉን በመዳፏ ተጫነች።
«ዙልማ እባላለሁ። አሥራ አራት» አለች።

በደረጃ ወጣች፣ ሊፍቱን እምቢ ብላ፤
ከክፍሌ መሐል ቆመች ከዘራዋን ጥላ፤
ከማቀዝቀዣው እስከ ሶፋው በእርምጃ ለካች፦
«ራስጌ እዚህ፤ እዚያ ግርጌ።» ደሞም ተቆጣች፦
«መስኮቱን ማን አወረደው? ሰማይ ጥግ ነበረ!»
እንዳልተነካ ልነግራት አፌ አልደፈረ።
«‹ስምሽ ማነው?› ቢሉኝ፣ ገና ፊደል ሳልለይ፣
በጣቴ አሳየሁ ናሱን፣ ራስጌዬ ላይ።»

«መጋረጃህ የት ነው?»
«መጋረጃ የለኝም።»
«መጋረጃ የሌለው ቤት ወሬ አይነግርም»
አለች። ያንገት ልብሷን ፈታ ሰቀለችው፤
«እኔ ስወርድ» አለችኝ፣ «አንድ ስንዝር ግለጠው።
ከውስጥ ነው የማውቀው።»

ወረደች። ያካፋል። ከትራም ሐዲድ ማዶ
ቆማ አንጋጠጠች፤ አንገቷ ነው ባዶ።
ጨርቁን በሁለት ጣት ስንዝር ገለጥኩላት።
እጇን አላነሳች፤ ፊቷም አልታየኝ፤
እንደቆመች ደወሉ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ
ከቤተ ክርስቲያኑ። ጥየቃው አበቃ።
ትራሙ ሲመጣ ገባች፣ እንደ ሌሊት ፈረቃ።

ያንገት ልብሷ ቀርቷል። አላወረድኩትም።
ማታ መብራት ሳጠፋ (መንገዱ ላይ ማንም
የለም፣ አውቃለሁ) ስንዝር ገለጥ አርጌ
እተኛለሁ፤ ራስጌ እዚህ፣ እዚያ ግርጌ።